የልጄ ግራ እግር

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ጥፋቱ የወንድሜ የአያ ደሴ ነው። በሁለቱም እግር የሚመታውን ባለሁለት ፔዳል ድራም ለልጄ ያመጣላት እሱ፣ «እስከ ጥምቀት ግራ እግርሽ ቀኙን በፍጥነት ካልደረሰበት ሆቴሉ ለሙዚቃ ባንዱ አይቀጥርሽም» ያላትም እሱ።

ድራሙ በሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግራት፣ ስትለማመድ በጀርባዬ ደግፌ የምይዘው እኔ ነኝ። ዛሬ የግራ እግሯ ምት ጀርባዬ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

«ቀስ ብለሽ ጀምሪው። እኔስ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ሳልቸኩል አይደል?» አልኳት።

«እማ ደግሞ! ሀሁና ድራም አንድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ተነሣሁና ጎንበስ ብዬ፣ ይሰማት እንደሆነ ለማየት የግራ እግሯን አውራ ጣት በጥፍሬ አጥብቄ ቆነጠጥኩት። ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም።

«ምነው ተነሣሽ? ድራሙ ይሸሻል እኮ!» አለችኝ።

ከእንግዲህ ያንን ድራም አልደግፍላትም።