ልጄ ያሸገው መስኮት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ስትሄድ ብርድ እንዳይገባ ብለህ በፕላስተር ያሸግከው የእማዬ መኝታ ቤት መስኮት እስካሁን ፍንክች አላለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግን ግድግዳው ሻግቶ ጠቁሯል። ነርሷ ጎረቤታችን አየችውና፣ «እናትሽ የምትተነፍሰው ሻጋታውን ነው፤ መስኮቱን ዛሬውኑ ክፈቱት» አለችኝ።

ቢላዋ ይዤ ስጠጋ እማዬ፣ «ልጄ ያሸገውን ማንም አይነካብኝም! እሱ ራሱ መጥቶ ይክፈተው» ብላ ጮኸችብኝ። ሳትጨርሰው ሳል አጣደፋት። እልኋን ታውቀው የለ! አሁንማ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ መተኛት ለምዳለች።

አንተ ከስድስት ወር በኋላ እመጣለሁ ብለሃል፤ መስኮቱ እስከዚያ ይጠብቅህ ይሆናል፤ እማዬን ግን እንጃ።

እማዬ «ሳሚልኝ» ብላኛለች፤ ድምጿ ስለደከመ በእጇ ምልክት ነው የነገረችኝ።

የምትሳሳልህ እህትህ