ይይዛል አልሁ

ጥቅምት 4
ጠዋት አስተማርሁ። ምሳ ሽሮ። ከሰዓት ደግሞ... በላቦራቶሪው የመስታወት በር ላይ ተንጠለጠልሁ! አርባ ሰከንድ። እጄ ላይ ያጠለቅኋቸው፣ እኔው የሠራኋቸው ሁለት የሲሊኮን መዳፎች ብቻ፤ ላያቸው ላይ እንደ እንሽላሊት እግር በዓይን የማይታይ ጸጉር አለ። ሙጫ የለውም። ወደ ታች ሲስቡት ይይዛል፣ ከጠርዙ ሲልጡት ይለቃል። የሥራ ባልደረባዬ ትዕግስት «ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጠላ መስለሻል» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ!

ጥቅምት 7
አያ ቢሻው ከኮሶዬ መጡ፤ ያሳደጉኝ አጎቴ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዛሬም በገመድ ገደል ወርደው ማር ይቆርጣሉ። መስታወቱ ላይ ተንጠልጥለው እንደ ልጅ ሳቁ።
«ሸጋ ነው! ገደሉንስ ይይዛል?»
«ይይዛል» አልሁ።
ድንጋይ ላይ መቼ ሞከርሁት? አፌ ቀደመኝ። ትርፉን ጥንድ በፌስታል ይዘው ሄዱ።

ጥቅምት 15
ድንጋይ ላይ ሞከርሁ። አንዴ ያዘ። ሁለተኛው ላይ ተንሸራተተ። ሦስተኛው... ምንም። አቧራ ነው። እንሽላሊት በየርምጃው እግሩን ያጸዳል፤ የእኔው መዳፍ አቧራውን ይሰበስባል። ደግሞ እሱ ቀላል ነው፤ ሰው ከባድ። ሰው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወጣል? ንጹሕ መስታወት ከሆነ፣ አዎ። ገደል ግን...
ለአያ ልደውል። ነገ።

ጥቅምት 16
አልደወልሁም።

ጥቅምት 19
ዛሬም። መንደሩን ሁሉ «የእኔ ልጅ የሠራችው» እያሉ አሳይተዋል አሉ። ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጥቅምት 22
ባለቤታቸው እቴቴ ወለተሩፋኤል ደወሉ።
«አያ ነገ ጠዋት ማር ለመቁረጥ ገደል ሊወርዱ ነው። ገመዱን ለጎረቤታችን ለቢያዝን ሰጡት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል አሉ።»
«አይውረዱ በሏቸው! አደራ!»
«አንቺው ንገሪያቸው። የእኔን መቼ ሰምተው ያውቃሉ?»
ስልኩ ተቋረጠ፤ ደጋግሜ ብደውል የሁለቱም አይሠራም። አምላኬ፣ ምን አደረግሁ?

ጥቅምት 23
በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድሁ። አፋፉ ላይ አያን ሰው ከቧቸዋል፤ መዳፎቹን አጥልቀዋል።
«ይኸው መጣች! እሷው ናት!» አሉ አያ ለሰዉ።
ሰዉን ገፍቼ ቀረብሁ። «አያ፣ ድንጋይ አይይዝም።»
«ምን አልሽ?»
«ሳልሞክር ነው ይይዛል ያልሁዎት። ካወቅሁ ስምንት ቀኔ ነው። አፍሬ ነው...»
መዳፎቹን አገላብጠው አዩ።
«ምነው ልጄ? ብሞት ኖሮስ አታፍሪም ነበር?»
በሰው ፊት አለቀስሁ። መዳፎቹን አውልቀው እጄ ላይ አኖሩልኝ፣ ገመዱን ከቢያዝን አስመጡ፣ ወረዱ። ማሩን ይዘው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አላናገሩኝም።

ኅዳር 12
እሑድ። አያ ቢሻው ደወሉ! ድሮ ሲደውሉ «ተሳካልሽ?» ነበር የሚሉኝ። ዛሬ «ምን እምቢ አለሽ?» አሉ።
ነገርኋቸው። ስለ አቧራው፣ ስለ እርጥበቱ፣ ትናንት ስለተቀደደው መዳፍ። አንድም ሳላስቀር።
እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እንዲህ ንገሪኝ እንጂ» አሉ።