ዳለቻና የአባቴ እጅ

ሜይ 3፣ 2006
ከብርቱካን ማሸጊያው ወጥቼ ወደ ማክሳኑ፣ ወደ አሮጌው መጋዘን። የትራክተሬን ካርቡራቶር አጠብሁ። አሮጊት ናት... አለቃዬ ዳን፣ የሞሻቩ፣ የእርሻ መንደሩ፣ ገበሬ፣ አምና "ለብረት ሰብሳቢ ከምሰጣት አንቺ ውሰጃት" ብሎ የሰጠኝ። ግራጫ ስለሆነች ዳለቻ ብያታለሁ፣ እንደ በሬ።
ማታ ባሌ ቢራራ "የሰው ሚስት ወርቅ ትገዛለች፣ የኔዋ ዝገት ትለቅማለች" አለኝ። ሳቅሁ። እጄን በሎሚ ፈተግሁ፣ አባቴ እንዳያዩብኝ። ብረት እንደምነካ አያውቁም። ባያውቁ ይሻላል።

ሜይ 9
ሞተሯ ተነሳ! ተመስገን! ጭሱ ማክሳኑን ሞላው፤ እያሳልሁ ሳቅሁ። ክላቿን ስረግጥ ግን... ቀጭ! የፔዳሉ ክንድ ተሰበረ። ያለ እሱ ማርሽ አይገባ፣ ማርሽ ካልገባ አትሄድ።
ዳን ከፋው። "ጸሐይ፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ማክሳኑ ይፈርሳል። በዋዜማው፣ የመከሩን በኩራት ጭነን ስንዞር፣ በራሷ ከሄደች ከኔ ትራክተሮች ጋር ቦታ አላት። ካልሄደች..."
ካልሄደችማ ወደ ማቅለጫ።

ሜይ 14
ዳን ያልደወለበት የለም። እንዲህ ያለ ፔዳል የለም። ሁለቴ አስበየድነው፣ ሁለቴም ለቀቀ። ጥግ ላይ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ወድቋል። እሳትና መዶሻ ቢያገኝ ፔዳል ይወጣዋል... ማን ይመታዋል?
ማን እንደሚመታው አውቃለሁ። በየት አፌ እጠይቃለሁ?

ሜይ 15
ጠየቅሁ። ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል ሰፈር፣ አባቴ ቤት።
"ከአንቱ በቀር የሚችል የለም፣ አባቴ።"
"ብረቱን እዚያው አገር ቤት ትቼው ነው የመጣሁ።"
"ትንሽ ሥራ ናት'ኮ..."
"ቡዳ ሲሉኝ ነው የኖርሁት፣ ልጄ። በሠራሁት ማረሻ እያረሱ ዓይኔን ይፈሩ ነበር። እዚህ ደግሞ ባትሔንን በኔ ይስደቧት?"
ባትሔን ልጄ ናት። ልሄድ ብዬ ተነሳሁ። ድንገት እጄን ይዘው አሸተቱት። አይ ሎሚ!
"ግሪስ ነው?"
"አዎ፣ አባቴ።"
ይቆጣሉ ስል... "ወናፍ ስትነፊልኝም እጅሽ እንዲሁ ነበር" አሉ።

ሜይ 18
በጠዋት ደወሉ። "ወደ ሞሻቩ የሚሄደው አውቶቡስ የቱ ነው?"
ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ።

ሜይ 21
ዳን ከሰል አዘጋጅቷል። ወናፍ ከየት ይምጣ? የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጣ! አባቴ አገላብጠው አዩት። "ወይ ጉድ፣ ይሄም ወናፍ ሆኖ!" ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ስንት ዘመኔ።
ከዚያ ባሌስትራውን አግለው መቱት። እጃቸው ምንም አልረሳ። አጠፉት፣ ለኩት፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት። ሲቀዘቅዝ መሬት ላይ አስቀመጡትና ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።
ዳን ግራ ገባው። "ምን ሆኑ? ለምን መሬት ላይ?" አለኝ በዕብራይስጥ።
አገር ቤት፣ በሰፈራችን፣ ገዢ ከእጃቸው አይቀበልም ነበር። መሬት ላይ አድርገው ይርቃሉ፣ እሱ መጥቶ ያነሳል። ይህንኑ ለዳን ነገርሁት። እሱም ፔዳሉን አነሳና መልሶ በአባቴ መዳፍ ላይ አኖረው። ባዶ እጁን ዘረጋ።
አባቴ አዩኝ።
"በእጅዎ ይስጡት፣ አባቴ።"
ሰጡት። ዳን ጥላሸት የነካ እጃቸውን ቶሎ አልለቀቀም። እግዜር ይስጠው፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ጁን 1
ዳለቻ ሄደች! እኔ ነዳሁ፣ ስንዴና ወይን ጭኜ፣ ባትሔን ከኋላ ጋሪው ላይ እየዘፈነች። ቢራራም አጨበጨበ፤ "ዝገቷ አማረባት" አለ።
የአባቴ ምኩራብ ሽማግሌዎች፣ የአገራችን ሰዎች፣ ሊያዩ መጥተው ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየ። "ይሄ የፋብሪካ አይደለም። የማን እጅ ነው?" አባቴን ላለማየት መሪውን አየሁ።
"የኔ ነው" አሉ አባቴ። ጮክ ብለው።
ሽማግሌው ፔዳሉን ዳሰሰ። "የኔም አባት ቀጥቃጭ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ቀሩ።

ጁን 6
ከዳለቻ ጋር ውዬ በቀጥታ አባቴ ቤት። እንደ ልማዴ ወደ ኩሽና፣ ግሪሱን ከእጄ ልፈትግ ሎሚ ቆረጥሁ።
አባቴ ከእጄ ወሰዱት። ሻያቸው ውስጥ ጨመቁት።
"ተይው" አሉኝ፣ "ይታይ።"