የይበልጣል ቀፎ

መስከረም 22፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ግራሩ ላይ በሰቀልናቸው ባዶ ቀፎዎች እስካሁን አንድም ንብ አልገባም። ይበልጣል ከግራሩ ሥር አንገቱን አንጋጦ ቆሟል። ቁርስ ብላ ብለው አይሰማም።
አንተም እወቀው ደብተሬ፤ ልጁ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። የጎረቤታችንን የአያ ስንሻውን ማር ሰርቆ ንቡን በእሳት ፈጀ። እረከበዋለሁ ስላልኩ፣ ፍ/ቤቱ ከማሰር ይልቅ እስከ ቀጠሮው ከጡረተኛው መምህር ከእኔ ዘንድ እንዲቆይ አዘዘ። ንቡን ከተካ ይተርፋል፤ ካልተካ ማረሚያ ቤት።

መስከረም 25
አያ ስንሻው በአጥር በኩል አዩን። ንቤን አምጡ እንጂ ሌባ አስተምሩልኝ መች አልኩ አሉኝ። ይበልጣል ሰማ። ቀፎዎቹን ሁሉ አወረደ። ተስፋ ቆረጠ ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን በእበት ደግሞ ለቀለቃቸው፣ በወይራ አጠናቸው፣ መልሶ ሰቀለ።

መስከረም 29፣ ከሰዓት
ገባ! ንቡ ገባ! ሒሳብ እያስጠናሁት ሰማዩ በንብ ድምፅ ተሞላ። መንጋው ግራሩን ዞረ። እልል ልል ስል፣ "ጋሼ፣ ዝም ይበሉ፣ ይሸሹብናል!" አለኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ዝም ሳሰኝ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ዝም ይበሉ ተባልኩ። መንጋው አንዱ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ቆመን አየን።

ጥቅምት 1፣ ማታ
ንቡ ሲያድር ይበልጣል የቀፎውን አፍ በጨርቅ ወትፎ ተሸከመው። እኔ ባትሪ አበራለሁ። አያ ስንሻው ደጅ ስንደርስ አንዷ ሾልካ ከንፈሩን ነደፈችው። አልጣለም! ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። አያ ስንሻው በሳቅ ፈረሱ። "ይቺ ለሞቱት እህቶቿ ናት!" አሉት። እሱም ባበጠ ከንፈሩ ሳቀ።

ጥቅምት 5፣ 11 ሰዓት
ከፍ/ቤት መመለሴ ነው። ዳኛዋ አያ ስንሻውን ተክሰዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ተክሻለሁ፣ ግን ቅሬታ አለኝ አሉ። ቀጠሉም፦
"ልጁን ካሰራችሁት ንቦቼን ማን ሊያይልኝ ነው? የኔ ዓይን እንደሆነ ደክሟል።"
ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም። ተወሰነ፦ እስር የለም! እኔ ዘንድ ሆኖ ይማራል፣ ከት/ቤት መልስ አያ ስንሻውን ያግዛል። ይበልጣል በሩ ላይ እግሬ ሥር ሊወድቅ ሲል በክንዱ ያዝኩት።
ስንወጣ አንድ ፖሊስ ጎተት አደረገኝ። ጣቢያ ሌላ ልጅ አለ፣ የሞተር ጎማ የሰረቀ፤ ተረካቢ ዘመድ የለውም አለኝ። አርጅቻለሁ፣ ይበቃኛል አልኩት።
አሁን ሳስበው አይበቃኝም። የጓዳውን አልጋ አነጠፍኩ። ነገ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ።