ግልገሎቹን አስቀድም

ሚያዝያ 8

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም። ኮከብን በረዶ ውስጥ ጥሏት የመጣው ወንድሟ ነው ይላል አገሩ። አይደለም። ጥለሃት ና ያልኩት እኔ ነኝ። እናቷ።

ይኸው ጻፍኩት። ቤቱ እንዳለ ነው፣ እኔም እንዳለሁ ነኝ።

ሌላው እንደ ወትሮው ነው። ጠዋት ገብስ አሰጣሁ። የበግ ጠጉር ፈተልኩ። ከሰዓት የመንደራችን ሰው ወዳጆ መጣ፣ ከዓለም ከተማ ተመልሶ። በኃይሉን አግኝቶታል። ልጄ የአውቶቡስ ረዳት ሆኗል። ሳሙናና ስኳር ልኮልኛል። ሴት ልጅም ተወልዳለታለች።

እልል ልል አፌን ስከፍት ወዳጆ አንገቱን ደፋ።

"ምነው? ታማለች?"

"ኧረ ደህና ናት። ብቻ... አያቅፋትም፣ እትዬ ጥሩሸዋ። ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ውሃ የሞላ እንስራ ይመስል ይፈራታል አለች። 'ከእጄ ልጅ አይበረክትም' ይላታል አሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

አለ። ሌላ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ይህን ደብተር ከሣጥን ያወጣሁት ለዚህ ነው። በኃይሉ አራተኛ ክፍል ሳለ ጥሎት የሄደው ነው፣ ግማሹ ባዶ። ፊደል የለየሁትም በዚሁ ነው። የሱን ጽሑፍ እያየሁ፣ ብቻዬን፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ።

ሚያዝያ 10

የእርከን ሥራ ተጀመረ። ሴፍቲኔት። ስንዴውን ለማግኘት ሁሉም ዳገቱ ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ወዳጆ የቡድን መሪ ነው። ስም ሲጠራ እኔ ጋ ደረሰና ቆመ።

"እትዬ ጥሩሸዋ፣ እርስዎ ድንጋይ አይሸከሙም። ሕፃናቱን ይጠብቃሉ። እናቶቹ አዝለው መሥራት አቃታቸው።"

"ድንጋዩ ይሻለኛል።"

ሳቁ። ጎረቤቴ ጫኔ ከሁሉ ጮክ ብሎ ሳቀ። "ወገብሽ እንኳን ድንጋይ ራስሽንም አልቻለ! እኔን የጨነቀኝ አንቺን ማን ይጠብቅሻል የሚለው ነው።"

አመተሥላሴ ልጇን ማዕረግን ክንዴ ላይ አስቀምጣ ወደ ዳገቱ ወጣች። አልጠየቀችኝም። ምን ትጠይቀኛለች? አሮጊት ልጅ ብትይዝ ምን ይገርማል...

ሕፃኗ ሦስት ዓመቷ ነው። ከበደችኝ።

ሚያዝያ 12

ከቅርንጫፍና ከላስቲክ ዳስ ሠሩልን፣ ከቦዩ አጠገብ። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱ ገና የሚታዘሉ። ሌሎቹ ጭቃ ለውሰው በሬ ይሠራሉ፣ በሬው ቀንድ ሲያጣ ያለቅሳሉ። ማዕረግ ግን ከቀሚሴ አትለይም።

"እማማ፣ አንቺ ልጅ የለሽም?"

"አለኝ።"

"የታለ?"

"ዓለም ከተማ።"

"አንድ ብቻ?"

"ሁለት ነበሩ።"

"ሌላውስ? ተኝቷል?"

"አዎ። ተኝታለች።"

"እንዳትቀሰቅሻት" አለችኝ። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ።

ሚያዝያ 16

ጥሩ ቀን ነበር። ልጆቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ቤቴ ስገባ አፈርኩ።

ሚያዝያ 19

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣም።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው፣ በዚሁ በበልግ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ግልገል አልቆብን ነበር። ባለቤቴ ገሠሠ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐሳቡ ሁሉ በዚያ ዓመት ግልገሎች ላይ ነበር። ያን ቀን ገበያ ወርዷል። በኃይሉ ሰባት ዓመቱ። ከቤት በታች ግልገሎቹን ያግዳል፣ እህቱን አዝሎ። እሷ ሦስት ዓመቷ ነበር።

በረዶው ድንገት ወረደ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ልጁ እህቱን እንዳዘለ ወደ ቤት መሮጥ ጀምሮ ነበር። ወደኔ ነበር የሚመጣው። አየሁት።

"ግልገሎቹን አስቀድም!" ብዬ ጮህኩ። "እሷን አስቀምጣት! ግልገሎቹን!"

በኛ አገር እንዲህ ነው የምናደርገው። ግልገል በረዶ ሲመታው ባለበት ይተኛል፣ ቢገፉትም አይነሣ። ልጅ ግን ሮጦ ይመጣል እንላለን። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው። ግን ልጅ ሲባል የስንት ዓመት ልጅ? ይህን ማን አሰበው?

አስቀመጣት። ካብ ሥር፣ የራሱን ጋቢ አልብሷት። ግልገሎቹን አንድ ሳያስቀር አመጣ። ተመልሰን ስንሄድ ካቡ ሥር ያለው ነጭ ብቻ ነው። በእጃችን ጫርን። ስናወጣት ትተነፍስ ነበር። እሳት አነደድኩ፣ ጡቴ ሥር ከተትኳት... ሳይነጋ ሄደች።

ገሠሠ መጣ። ልጁን አቁሞ ጠየቀው።

"ማን ነው ትተሃት ና ያለህ?"

"እማዬ ናት።"

ገሠሠ ወደኔ ዞረ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አዎ ማለት።

"እኔ ምንም አላልኩም" አልኩ።

መታው። ልጁ አላለቀሰም። እየተመታ እኔን ብቻ ያየኛል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። እረኞቹ "እህቱን ሽጦ በግ የገዛ" እያሉ ሲሰድቡትም እኔን አላነሣኝም። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከቤት ወጣ። የመጣው አባቱን ሊቀብር ብቻ ነው። እሱም ሳያድር ተመለሰ።

አሁን ማንን ያምን ይሆን? ራሱን ወይስ እኔን? እኔን አምኖ ነው መሰለኝ። ባያምነኝማ ልጁን ባቀፈ።

ሚያዝያ 25

ሁሉም በሕይወት አሉ። ዘጠኙም። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ 26

ትናንት ጠዋት ፀሐይዋ ትፋጅ ነበር። ዝንቡ አላስቀምጥ ብሏል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ጸጥ አለ። ቀና ስል በጓሳው ሜዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከጥቁሩ ሥር ነጭ ነገር እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ያን መልክ አውቀዋለሁ። በዕንቅልፌም ነው የማውቀው።

ልጆቹን አስነሣሁ። የመጀመሪያው በረዶ ባቄላ ያክላል። ቀጥሎ የወረደው ላስቲኩን በሳው። ነፋሱ ተመለሰና ዳሱን ከነእንጨቱ ነቀለው። ከላይ ወዳጆ ይጮሃል። "ወደ ጽዱ! ወደ ጽዱ ይውሰዷቸው!" እናቶቹ ሊወርዱ ሲሉ ቦዩ ሞላ፣ ድንጋይ እያንከባለለ። በዚያ ማዶ ቀሩ። ጩኸታቸው ብቻ ይመጣል። እግዚኦ፣ እግዚኦ...

ጽዱ ብቻውን ገላጣ ላይ የቆመ ዛፍ ነው። መብረቁም ያበርቃል። አልሄድም አልኩ። ከታች የጫኔ በግ ቤት ይታየኛል።

መቀነቴን ፈታሁ። ረጅም ነው። "ያዙ! ሁላችሁም ይህን ያዙ! የለቀቀ ጅብ ይበላዋል!" አንዱን ሕፃን አዘልኩ፣ አንዱን ብብቴ ሥር። ሌሎቹ መቀነቱን ይዘው ተከተሉኝ፣ እየወደቁ፣ እየጮሁ። በረዶው ጭንቅላታቸውን ይቀጠቅጣል። አንዱ ልጅ ሲወድቅ ቆሜ ጠበቅሁት። ጠበቅሁት። ይህን ልጻፈው፣ ጠብቄዋለሁ።

የበግ ቤቱ ሳንቃ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ግልገል ብቻ ነው፣ እናቶቻቸው ግጦሽ ላይ ናቸው። ልጆቹን አስገባሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ግልገሎቹን ማስወጣት ጀመርኩ። በእጄም በእግሬም። "ውጡ! ውጡ!" እላለሁ። አንዱ ተመልሶ በእግሮቼ መሐል ገባ። አንሥቼ ወረወርኩት።

"እማማ፣ ግልገሉ ይበርደዋል" አለች ማዕረግ።

"ይብረደው!"

ሳንቃውን ዘግቼ በጀርባዬ ተደገፍኩት። ልጆቹን በጠጉር ልብሴ በባናዬ ሥር ሰበሰብኳቸው። ስማቸውን እየጠራሁ እቆጥራለሁ፣ ጨርሼ እንደገና እጀምራለሁ። ጣራው የጓሳ ሣር ነው፣ ቻለው። ግልገሎቹ ከውጭ ሳንቃውን በግንባራቸው ይገፋሉ። ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ይጮሃሉ። ቀስ በቀስ መግፋቱን ተዉት። ኋላ ጩኸቱም ቀረ።

በረዶው አባርቶ ቦዩ ሲጎድል መጀመሪያ የደረሰችው አመተሥላሴ ናት። ጉልበቷ ደምቷል። ማዕረግን ከጉያዬ ነጥቃ፣ ልጇን እንደያዘች እግሬ ላይ ወደቀች። "እትዬ ጥሩሸዋ! እትዬ ጥሩሸዋ!" ዳሱ የነበረበትን ጎርፍ ጠርጎታል። አላየሁትም፣ ነገሩኝ። እኔ የማየው በሩ ሥር የተደራረቡትን ግልገሎች ነበር።

ይህን ያህል ቀላል ነበር? መቀነት ፈትቶ፣ ልጅ አዝሎ፣ መሮጥ? ያኔ ከደጄ እስከ ካቡ ምን ያህል ነበር...

ሚያዝያ 29

ጫኔ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

"እንኳን ልጆቹ ተረፉ። እግዜር ያውቃል፣ ደስ ብሎኛል። ግን በጎቼን ለምን አስወጣሻቸው?"

"ልጆቹን ላስገባ።"

"ጠበበሽ? እኔ የሠራሁትን ቤት እኔ አላውቀውም? ግልገሎቹ መሐል ብታስተኛቸው እንዲያውም ይሞቃቸው ነበር! ለምን፣ ጥሩሸዋ? ምን አደረጉሽ?"

እውነቱን ነው። ቦታ ነበረ። ለሁሉም ነበረ።

"ለሽማግሌ ትመልሺዋለሽ" ብሎ ወጣ።

ምን አደረጉሽ አለኝ። ምን አደረጉኝ? ምንም።

ግንቦት 1

ልደታ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ መምሬ ገብረ አማኑኤል መሐል። እናቶቹም መጥተዋል፣ ሊያግዙኝ። አመተሥላሴ ጫኔ ላይ ጣቷን ቀስራለች።

"ግልገልህ ከልጄ ይበልጣል ነው የምትለው? አታፍርም?"

"እኔ መች አልኩ! ለምን ነው ያልኩት! ለምን ማለት ነውር ሆነ?"

"ዝም በሉ" አሉ መምሬ። "ጥሩሸዋ፣ አንቺ ንገሪን። ለምን አስወጣሻቸው?"

ደንግጬ ነው ልል ነበር። ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ ነው። እሱን ብል አለቀ፣ መርቀውኝ እሄዳለሁ። ያኔም እንዲሁ አንድ አጭር ነገር ነበር ያልኩት...

"ያን ጊዜ ግልገሎቹን ስላስቀደምኩ ነው" አልኩ። "ኮከብን በረዶ ላይ አስቀምጣት፣ ግልገሎቹን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በኃይሉ አይደለም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። አባቱ ሲጠይቀኝ ካድኩ።"

አመተሥላሴ ማዕረግን ወደ ራሷ ሳበቻት። አየሁ። መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት ያያሉ። ጫኔ ብድግ አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"በጎቹን ትቻለሁ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። "ግን ልጁን... እኔም ብዬዋለሁ እኮ። እዚሁ ደጅ ላይ፣ ሰው መሐል። እህትህን ምን አደረግካት ብዬዋለሁ። ጠላ ቀምሼ ነበር፣ አስቄበታለሁ። ይህን ልጅ ነበር እኔ... አሁን ምን እላለሁ?"

ዱላውን አንሥቶ ሄደ። እኔን ማንም አልመረቀኝ፣ ማንም አልረገመኝ።

ግንቦት 3

ዳገቱ ላይ ወጣሁ። ዳሱን ሌላ ቦታ ሠርተውታል። ውስጡ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

ወዳጆ ዓይኔን አላየኝም። "እናቶቹ... አይቀየሙን፣ እትዬ። ለጊዜው ነው።"

"ልክ ናቸው" አልኩት።

ማዕረግ ከዳሱ "እማማ!" ብላ ተጣራች። ደግማ ተጣራች። አልዞርኩም። ድንጋይ ተሸከምኩ። እንዳልኩትም ከሕፃን ይቀላል።

ግንቦት 6

ወዳጆ ነገ ወደ ዓለም ከተማ ይወርዳል። ደብተሩን ታደርስልኛለህ ስለው ምን ብዬ ልስጠው አለኝ። ምንም አትበለው፣ ማንበብ ይችላል አልኩት።

እኔስ? ና ካለኝ በማግስቱ እሄዳለሁ። አትምጪ ካለኝም... ያውቃል። ለእሱ እተወዋለሁ።

ይቅር በለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት። ያ ለኔ ነው። ለሱ የሚሆነው ሌላ ነው።

ልጄ፣ ለአባትህ የነገርከው እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንተ ጥለሃት አልመጣህም፣ ወደኔ ይዘሃት ስትመጣ ነው የመለስኩህ። ጋቢህን ለሷ ሰጥተህ በባዶ ትከሻህ ነበር በረዶው ውስጥ የሮጥከው። ትከሻህ በልዞ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። ይህን አንድ ሰው እንኳ ሊነግርህ ይገባ ነበር፣ ያየሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልጅህን እቀፋት። ያ እጅ ምንም አላደረገም።

ከፊት ያሉት ገጾች የሱ ጽሑፍ ናቸው፣ ከኋላ ያሉት የኔ። ደብተሩ ድሮም የኔ አልነበረም። ለበኃይሉ ገሠሠ ይሰጥ።