ሁለተኛውን ስልክ እንዳትልክ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ፦

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሲያስልህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንዳፈነህ ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? የክፍልህ ማሞቂያ ተሠራልህ? እንቅልፍስ ትጠግባለህ? እኛ ደህና ነን። እማ ደህና ናት፣ ባለቤቴ ደህና ነው፣ ልጄም የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አፏን እየከፈተች ታሳያለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። የእኔን ሕመም ደግሞ በካርቶን አሽገህ የላክኸው አንተው ነህ።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ሳወራህ ገና ነገሬን ሳልጀምር «ቀላል ነው» ትለኛለህ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለእታለም እገዛላታለሁ ያልከውን ሁለተኛ ስልክ እንዳትልክ። ገዝተኸውም ከሆነ መልሰው። ምክንያቱን ከሥር ከመሠረቱ አጫውትሃለሁ፤ አንተም ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ብለህ ስማኝ።

ለመሆኑ የእማ አሮጌ ስልክ ምን አደረገህ? መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰነጠቀ እንጂ ሥራውን ይሠራ ነበር። እማ ጣቷን ሄድ መለስ አድርጋ ትከፍተዋለች፣ ድምፅህን ትሰማለች፣ ከታች ያለችውን የመመለሻ ምልክት ነክታ ትወጣለች፤ በቃ። አንተ ግን እኔ የምይዘው ዓይነት ይሻላል፣ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው ብለህ ዘሩ ሌላ የሆነ ስልክ ላክህ። እኛም ስልክ ያው ስልክ ነው ብለን ተቀበልን። የቻርጀሩ አፍ እንኳ እንደማይገጥም የነገረን የለም።

ከምሠራበት የልብስ ስፌት ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው። እማንና ሁለቱን ስልኮች ይዤ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ጎን ለጎን አስተኛቸውና ያለው ሁሉ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይገለበጣል አለን። ተገለበጠ መሰለህ? ስልክ ቁጥሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው መጡ። እኔ ሁለት ጊዜ አለሁ፣ አንተ ሁለት ጊዜ አለህ፣ ነፍሱን ይማረውና ያ ጎረቤታችን አናጢ እንኳ ሁለት ጊዜ አለ። ፎቶዎቹ በሙሉ የዕለቱን ቀን ይዘው ገቡ፤ አንተ በልጅነትህ ገንዳ ውስጥ ተቀምጠህ የተነሣኸው ሳይቀር የዚያን ቀን ጠዋት የተነሣ ሆነ። ከሄድክ ጀምሮ የላክኸው የድምፅ መልእክት ግን አንዱም አልተሻገረም። ዶክተር አንገቱን እያሻሸ፣ እነዚያ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እሺ ብለው አይሄዱም አለኝ። ይህን ለእማ የነገርኳት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። አሮጌውን ስልክ በፎጣ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ ላይ አዲሱ ስልክ መርማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ኢሜይልሽን አምጪ አለ፤ እማ ኢሜይል ከየት ታምጣ? ዶክተር አወጣላት። የይለፍ ቁጥርሽን ብትረሺ ማንነትሽን የማውቅበት ብሎ ደግሞ የልጅነት የቅርብ ጓደኛሽ ማን ናት ብሎ ጠየቃት። ዶክተር ጥያቄውን ጮክ ብሎ አነበበላት። እማ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ሌላ ጥያቄ የለውም ወይ አለችው። ዶክተር የረሳች መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

መልሱን አንተም እኔም እናውቀዋለን። እማና እታለም መንታ ሆነው ተወልደው፣ የሆስፒታል አንሶላ አብረው እያጠቡ አርጅተው፣ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር እየኖሩ፣ አንተ ከሄድክበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ያን ቀን እታለም «ልጄን አላስወስድም» ብላ በሩ ላይ ስትቆም፣ እማ በንዴት «አንቺ አልወለድሽው፣ ምን አገባሽ» ያለቻት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችህ፣ የራሷ ልጅ ለሌላት ሴት የሚባል ቃል አልነበረም። አንተም ስትደውልላት በዚያች ባለ ቁልፍ ስልኳ እናቱ ትበቃዋለች ብላ ዘጋችብህ፤ ደጋግመህ ሞክረህ ተውከው። እኔ ግን የምተወው ነገር አይደለም። ለአንዷ ውሃ ቀድቼ ለሌላዋ ሳልቀዳ ብገባ ማኩረፍ ነው፤ አንዷ ቤት ቁጭ ብዬ ብስቅ ሌላዋ መስኮት ስትዘጋ እሰማለሁ። በሁለት በሮች መሃል ስመላለስ እግሬ ቀጠነ።

ወደ ስልኩ ልመለስ። አሮጌው የእማን ጣት አሻራ አላነብም ብሎ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ በሳሙናና በበረኪና የከረመ ጣት ምን አሻራ ይተርፈዋል? አዲሱ ግን ፊት አይቶ ነው የሚከፈተው። እማ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ለፓስፖርት ፎቶ እንደምትነሣ ኮስተር ብላ ተቀመጠች። ዶክተር አንገትዎን ያዙሩ ሲላት አዞረች፣ ቀና ይበሉ ሲላት ቀና አለች። ሲጨርስ፣ ከእንግዲህ ከእርስዎ በቀር ለማንም አይከፈትም እማማ አላት። እማም ይህንን ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ከዚያ በኋላ የኔ መከራ ተጀመረ። የመመለሻዋ ምልክት የለችም፤ እማ በአውራ ጣቷ ስትፈልጋት ትውላለች፤ ካጣቻት ስፌት ቤት ድረስ ትመጣለች። እኔ የዩኒፎርም እጅጌ ስገጥም በመስኮት ብቅ ትልና ባትሪው በርቶ አልጠፋ አለኝ ትላለች። ሌላ ቀን ስልኩ ብቻውን አወራ ብላ መጣች። አንድ ቀን እሷን ሳስተናግድ ግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥሜ አለቃዬ ሁሉንም አስፈታችኝ። አንተ ጋ ስደውል «ቀላል ነው፣ ከታች ወደ ላይ ጠረግ ማድረግ ነው» ትላለህ። አንተ እዚያ ሆነህ ትጠርጋለህ፣ እዚህ የሚላጠው የኔ ጨጓራ ነው።

ይህም ይሁን፣ ለመድነው። የባሰው ገና ነበር። ያልተሰማ መልእክት ጎኑ ላይ ነጥብ እንዳለው፣ ከተሰማ በኋላ ነጥቡ እንደሚጠፋ ለእማ አስተምሬያት ነበር። ምነው ባላስተማርኳት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። ልጄ የላከልኝን ድምፅ ከእኔ ቀድመሽ መስማት ጀመርሽ ወይ አለችኝ። እንዴት አድርጌ፣ ፊቴ አይከፍተው ብላት ማን ይስማኝ። በማግስቱም ነጥቡ የለም። ላንተ ደወልኩ፤ ሴቲንግ ነው አልክ። ዶክተር ጋ ወሰድኩት፤ አፕዴት ይፈልጋል አለ። አፕዴት ተደረገ፤ መልኩ ተቀያየረና እማ የለመደችው ሁሉ ቦታውን ለቀቀ፣ ነጥቡ ግን እንደጠፋ ቀረ። እሷ እኔን ትጠረጥራለች፣ እኔ ስልኩን እረግማለሁ፣ አንተ ቀላል ነው ትላለህ። አንድ ቀን ለጉድ ብዬ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚህ መሃል ጨርቅ አልደረሰም ተብለን ከስፌት ቤት ጠዋቱን ተመለስን። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ለደም ግፊቷ እንድትራመድ ካዘዘቻት ወዲህ እማ በዚያ ሰዓት ቤት አትገኝም። ስልኩን ግን ቻርጅ ላይ ትታው ነው የምትወጣው፤ ክፍሏ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት በመስኮቱ ሥር ያለው ብቻ ነው። ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች። እማ፣ ዛሬ ቶሎ ተመለስሽ እንዴ አልኳት። ከዚያ በሩ ሥር የወለቀውን ጫማ አየሁት፤ ተረከዙ የተረገጠው የእታለም ጫማ ነበር። ስልኩን ስረግም የከረምኩት ሴትዮ፣ ከእማ ማህፀን የወጣሁት የገዛ ልጇ፣ እኔም ተሳሳትኩ።

ዞር አለች። ደንግጣለች፤ ስልኩን ግን አላስቀመጠችውም። የነገረችኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «መስኮቱ ላይ ሲጮህ ጊዜ ላጠፋው ብዬ አነሣሁት። አየኝና ተከፈተ። አንቺ የትኛዋ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም።» ፎቶህን አይታ ነካችው፤ ስትነካው ተናገርክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማ ስትወጣ ጠብቃ እየመጣች ትሰማህ ኖሯል። ከዚያ ማሙሽን ያ ሳል ለቀቀው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬም ማሙሽ ነው የምትልህ። አንጀቴን በላችው፤ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ማልቀሴ ደግሞ አናደደኝ።

ላንተ ስነግርህ ደስታህን አልረሳውም፤ ድምፅህ ተቆራረጠ። ግን ወዲያው «ቀላል ነው» አልክ። የእማን ፊት ከስልኩ አጥፊና በቁጥር ይከፈት፣ ለእታለም የራሷን እልክላታለሁ አልክ። እኔም ሞኝ አመንኩህ። እማ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ይህ ስልክ ለሌላ ሰውም ሳይከፈት አይቀርም፣ ፊቱን ላጥፋውና ቁጥር ላድርግልሽ አልኳት። ቀና ሳትል፣ «ለሌላ ሰው አልተከፈተም። ተይው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ለካ ጠዋት ስትወጣ መስታወቱን በቀሚሷ ጠርዝ ወልውላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው መስኮቱ ላይ የምታስቀምጠው። በሩንም መዝጋት ትታለች፤ ገርበብ አድርጋው ትሄዳለች። መቼ እንዳወቀች አልጠየቅኳትም፣ ብጠይቃትም አትነግረኝም። እኔን ግን ሌባ ነሽ ስትል ከርማ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለችም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሐኪሟ ያዘዘችውን ተወችና ሳትወጣ ቀረች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። መልእክትህ ገባ። አልከፈተችውም። እኔ ከውስጥ ክፍል ነበርኩ። እታለም እማ የወጣች መስሏት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ አየቻትና ልትመለስ ዞረች። እማ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ «ነይ ስሚው፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለቻት። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ እኔው ነኝ ቻርጅ ያደረግሁት።

እታለም ጫማዋን አውልቃ አልጋው ማዶ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም በአንድ ስልክ ሰሙህ። ታረቁ ብዬ እንዳልዋሽህ፤ መልእክቱ ሳያልቅ በድምፁ ተጣሉ። አንዷ ዝቅ አድርጊው ስትል ሌላዋ እኔ አይሰማኝም አለች፣ አንዷ ከመጀመሪያው ይደገም ስትል ሌላዋ መጨረሻውን ልስማበት አለች። ከሄድክ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ጭቅጭቃቸው ነው። ልጄ ሮጣ መጥታ ምን ሆነው ነው አለችኝ፤ ምንም፣ ስልክ እየሰሙ ነው አልኳት።

አሁን ገባህ? ለእታለም የራሷን ስልክ ብትልክላት፣ በሯን ዘግታ ብቻዋን ትሰማሃለች፤ እማም በሯን ዘግታ ትሰማሃለች። እኔም በሁለቱ መሃል፣ ሁለት ስልክ ይዤ፣ እንደገና መመላለስ እጀምራለሁ። ያ ዘሩ የማይታወቅ ስልክህ ከላክኸው ዕቃ ሁሉ የባሰ ነው፤ ቻርጀሩም፣ አፕዴቱም፣ ነጥቡም ናላዬን አዙሮታል። ቢሆንም ሁለቱን ለይቶ አለማወቁን ብቻ እወድለታለሁ፤ እሱን እንዳታስተካክልብኝ። አንድ ስልክ ይበቃናል።

ባለቤቴ ሰላም ይልሃል፤ ስለዚህ ስልክ ካሁን በኋላ ቤት ውስጥ እንዳይወራ ለምኖኛል። ልጄ ለጥርሷ ምን እንደምትልክላት ትጠይቅሃለች፤ ስልክ እንዳይሆን። ዶክተርም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ በእኛ ቤት ጥሩ ደንበኛ አግኝቷል።

እማ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምጽፈውን ታያለች። ካንቺ ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት። እናትህ ሰላም ትልሃለች በይ አለችኝ። ጻፍኩ። ቀጥዬም፣ እታለምም ሰላም ትልሃለች ብዬ ልጨምር ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት። ተቆጣችኝ። «ለምን ሁለት ጊዜ ትጽፊያለሽ? ያንን ሰርዢና እናቶችህ ሰላም ይሉሃል ብለሽ አንድ ጊዜ ጻፊው» አለችኝ።

ከላይ የሰረዝኩትን ታየዋለህ። እናቶችህ ሰላም ይሉሃል።

ታላቅ እህትህ
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ፣ ጥር ፲፬ ቀን