ጠጋ የማይባልበት ስታዲየም

ኢስማኤል ወንድሜ፣ እንዴት ነህልኝ?

እዚህ ጄኔቫ አጎቴ ጋሽ ሙሉነህ ወደ አዲሱ ስታዲየም ወስደው ኳስ አሳዩኝ። ያምራል፣ አልዋሽህም። አንድ ሰውዬ ወደኛ ሲመጣ፣ እኛ ስታዲየም ሚስማር ተራ ደረጃው ላይ እንደለመድነው፣ ጠጋ አልኩለት። ግራ ገብቶት ቲኬቱን አሳየኝ፤ ለካ የራሱ ቁጥር ያለው ወንበር አለው። ጋሽ ሙሉነህ "እኔም ስንቴ ጠጋ ብያለሁ መሰለህ!" ብለው ሳቁ።

ጨዋታው ሲያልቅ አሮጌው ስታዲየም ወደነበረበት ወሰዱኝ። ፈርሶ መናፈሻ ሆኗል። "በስደት እንደመጣሁ፣ ቋንቋውን ሳልችል፣ ጎል ሲገባ የማላውቀው ሰው እዚህ ያቅፈኝ ነበር" አሉኝ። የኛም ይታደስ፣ ባለቁጥር ወንበር ይግባለት እያልን ስንጮህ የከረምነው ትዝ አለኝ።

ከዚያ ጋሽ ሙሉነህ ድሮ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። መናፈሻው ጭር ብሏል፣ ቦታ እንደ ልብ ነው፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና ጠጋ አሉልኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትህን፣ ናኒን፣ የሚስማር ተራን ልጆች በሙሉ ሳምልኝ። የኛ ታድሶ ሲከፈት ወንበሩ ቁጥር ቢኖረውም፣ አንተ ጠጋ በልልኝ።

ቃለጽድቅ